የሚያቆምህ የቱ ነው?

ሐሙስ

ካርቶኑን መንገድ ላይ ማን እንደከፈተው አላውቅም። የከፈተው ሰው ግን የመመሪያውን ወረቀት ግማሹን ቀዶ፣ ፔዳሎቹን ከታች ወርውሮ፣ ሲጨርስ ካርቶኑን እንደ ቁስለኛ በፕላስተር ጠምጥሞታል። ሰው የማያውቀውን ዕቃ መልሶ ሲያሽግ ፕላስተር ያበዛል። የቀለም ሱቄም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ቀለም የደፋ ሠራተኛ ጣሳውን ይወለውላል እንጂ ወለሉን አያይም።

ሳይክሉ ደህና ነው። ጥቁር፣ ቀላል፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። ከዱባይ ነው ያስመጣሁት። ለሦስትዮሽ ውድድር የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ይዋኛል፣ ከውሃው ተወጥቶ በእርጥብ ገላ ሳይክል ይነዳል፣ ከሳይክሉ ተወርዶ ደግሞ ይሮጣል። ለሰው ሳስረዳ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ማን ያባርርሃል?»

ማንም አያባርረኝም። ሐኪሙ ጉልበቴን አይቶ ሩጫ ቀንስ፣ ዋናና ሳይክል ጀምር አለኝ። ነጋዴ ነኝ፤ አዲስ ደንበኛ መጣ ብዬ የድሮውን አላባርርም። ሦስቱንም ያዝኩ። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር ውድድር አለ። ተመዝግቤያለሁ።

ካርቶኑ ግቢ ውስጥ ሲከፈት ታዳሚ አልጠፋም። ሚስቴ ሄለን በር ላይ ቆማ «የቁም ሳጥናችን በር ከወለቀ ስንት ጊዜው፤ እሱ ከዱባይ ብሎን ያስመጣል» አለች። ጎረቤታችን ጋሽ ሞላ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው መሪውን አዩና «ታምራት፣ ገልብጠው ነው የላኩልህ። ሳትገጥመው መልስላቸው» አሉኝ። መሪው እንደ ሌላው ሳይክል አይደለም። ወደ ፊት የወጡ ሁለት ቀንዶች አሉት፤ ከኋላቸው ክርን የሚያርፍባቸው ስፖንጆች። ጎንበስ ብለህ ክርንህን አስደግፈህ ነፋሱን የምትሰነጥቅበት ነው። ይህን ለጋሽ ሞላ ከማስረዳት ሳይክሉን ዱባይ መመለስ ይቀላል። «እሺ፣ አስብበታለሁ» አልኳቸው።

እናቴ ብቻ አልቀለደችም። አባቴ የፋብሪካ ተላላኪ ነበር፤ ሥራው በሳይክል ነበር። ሳሪስ ቁልቁለቱ ላይ የፍሬኑ ሽቦ ተበጥሶ ከጭነት መኪና ሥር ገባ። እኔ ያኔ ፊደል እየቆጠርኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሳይክል ገብቶ አያውቅም፤ ስሙም አይነሳም። ዛሬ መጥታ ቆመች፣ ከዚያ ጎንበስ አለች።

«የሚያቆምህ የቱ ነው?»

አሳየኋት። ጎማው መሀል ላይ ያለችውን ቀጭን ክብ ብረት፣ ዲስኳን። «ይቺን ግራና ቀኝ የሚቆነጥጣት ሸራ አለ። መያዣውን ስጨብጠው ይቆነጥጣታል፣ ይቆማል።»

«የፊቱም የኋላውም?»

«ሁለቱም።»

«ሽቦውስ?»

«ሽቦ የለውም፣ እማዬ። በዘይት ነው የሚሠራው። የሚበጠስ ነገር የለም።»

«በዘይት» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር። ቀና ስትል ወገቧን ይዛ ነው። «አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ፍሬኑ እምቢ ቢልህ ትሸጠዋለህ። በአባትህ በለኝ።»

መሐላ አልወድም። ሱቅ ውስጥ የሚምል ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ውሸታም ነው። ግን ዓይኗን አይቼ «በአባቴ» አልኩ።

ዓርብ

ሳይክሉን የገጠመልኝ ከአንድ የሳይክል ማኅበር የመጣ ሰው ነው፣ ኢንጂነር ዮናታን። የምን ኢንጂነር እንደሆነ ብጠይቀው «የሲስተም» አለኝ። ከሥራ ሰዓት መሀል መጥቶ እስኪመሽ የማይጠራ ሰው ሲስተሙ ምን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም።

ሲገባ እናቴን ሰላም አላት። «እማማ፣ ልጅዎ በዚህ ዕድሜ ጉድ ሊሠሩ ነው» አላትና ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። እኔ አርባ ስድስት ነኝ፤ እሱ ከእኔ ቢያንስ በጥቂት ዓመት ነው። «ጋሼ» ይለኛል። ጋሼ የሚለው ለማክበር አይደለም፤ ሽማግሌ ነህ ለማለት ነው።

ስልኩን አውጥቶ ጎኔን ፎቶ አነሳ፤ በፎቶው ላይ መስመር አሰመረ። «ወገብዎ ይህን ማዕዘን ይፈቅዳል ጋሼ?» ወገቤ የቀለም በርሜል ያነሳል። ኮርቻውን ወደ ፊት ገፋ፣ ከፍ አደረገ፣ መልሶ ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ መጀመሪያ የነበረበት ቦታ አምጥቶ «አሁን ፍጹም ነው» አለ። ይህን ዓይነት ሠራተኛ አውቀዋለሁ፤ ቀለም በጥብጦ በጥብጦ ነጭ የሚያወጣ።

ደግሞ ያጣጥላል። ክፈፉ «ያለፈው ሞዴል» ነው። ጎማው «ለእኛ አስፋልት አይሆንም»። ፍሬኑ «እንግዲህ እናየዋለን»። ሳይክሉ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ላይ ብሎን በልክ ነው የሚጠብቀው፤ ኃይሉን የሚለካ ቁልፍ አብሮ ገዝቼ ነበር። ሳቀበለው «እጄ ያውቃል» አለኝ። ቁልፉን ተቀብዬ እሱ ያጠበቀውን ሁሉ ከኋላው እየተከተልኩ ለካሁ። ግማሹ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ግማሹ ላልቷል። እጁ ምንም አያውቅም።

ትንሽ ድል፦ የግራውን ፔዳል በጉልበት ሊያስገባ ሲታገል ከተቀደደው መመሪያ በተረፈው ወረቀት ላይ ሥዕሉን አሳየሁት። የግራው በተቃራኒ ነው የሚዞረው። «እያሞቅኩት ነበር» አለ።

ቅዳሜ

ገና ሳይነጋጋ ወጣሁ። ከሀና ማርያም ተነስቼ ለቡ መብራት ኃይል ሱቄ ድረስ፣ ከዚያ ወደ ጀሞ፣ ተመልሼ ቤት። ክርኔን አስደግፌ ስጎነበስ የሚኒባስ ረዳቱ ሁሉ ከበር ላይ ተንጠልጥሎ የሚለው አላጣም።

«ጀሞ! ጀሞ! ጀሞ! ፋዘር፣ ትራስ እንስጥህ?»

ሌላው ደግሞ፣ «ቀስቅሱት! ሰውዬው ተኝቷል!»

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ፣ ተሳፋሪው ሳቀ። መብራቱ ጋ ስደርስ ጥያቸው አለፍኩ፤ እነሱ አሁንም ሰልፍ ላይ «ጀሞ ጀሞ» ይላሉ።

ሳይክሉ እንደ ወሬው አይደለም፤ ከወሬው ይበልጣል። ፍሬኑ በአንድ ጣት ያቆማል። ያን ሁሉ ሰው መስማት አልነበረብኝም።

ስመለስ እናቴ በር ላይ ነበረች። እኔን አላየችኝም፤ ጎማዎቹን ነው ያየችው።

«አቆመ?»

«አቆመ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አለች፤ «ግቢ መሀል አይደር። የእኔ በረንዳ ላይ አቁመው፣ እኔ እጠብቀዋለሁ።» የእሷ ክፍል ከጓሮ በኩል ነው፣ ለብቻው በረንዳ አለው። አቆምኩት። ሄለን «እናትህ ሳይክል ተቀበሉ፤ ዓለም ሊያልፍ ነው» አለችኝ።

እሁድ

ዋና ብቻ። የሆቴሉ ገንዳ ውስጥ ኢንጂነሩም ነበር። ውሃ ውስጥ ካለው ጊዜ ዳር ላይ ቆሞ መነጽሩን የሚያስተካክልበት ጊዜ ይበልጣል። «ሳይክሉ እንዴት ነው?» አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ቅናት መስሎኝ ነበር።

እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ጠበሏን እንደ ሁልጊዜው በጠርሙስ ይዛ፣ ልብሷን ሳትቀይር በረንዳው ላይ አገኘኋት። በእጇ ጨርቅ ይዛለች። ሳይክሉን ስትወለውል ነበር። «አቧራ ጠጥቷል» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። አቧራው የሚወለወል ነገር የተወደደ ነገር ነው፤ ሱቅ ውስጥም የማይወለወለው የማይሸጠው ነው።

ሰኞ

ፍሬኑ ጮኸ። ትንሽ ጩኸት አይደለም፤ እንደሚታረድ ፍየል ነው። ለቡ አደባባይ ጋ ስይዘው አንዲት ጎመን ሻጭ ደንግጣ ጎመኗን ረገጠች፤ ከዚያ እኔን ረገመች። ትክክል ነች።

ለኢንጂነሩ ደወልኩ። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለመዳል ጋሼ» አለ። ጫማም የሚያቆስል ይለመዳል ይላሉ ጫማ ሻጮች። ሲሸጡልህ ይህን አይሉህም፤ ስትመልስ ነው የሚሉህ።

ማቆሙንም ቀንሷል። በአንድ ጣት የነበረው በሙሉ እጅ ሆኗል። ለእናቴ ምንም አላልኩም። «አቆመ?» አለች። «አቆመ» አልኩ። አልዋሸሁም፤ ዘግይቶ ነው እንጂ ቆሟል።

ማክሰኞ



ከጀሞ ስወርድ ፊቴ ላይ ሚኒባስ ሰው ለማንሳት ድንገት ቆመ። ሁለቱንም ፍሬን ጨበጥኩ። ሳይክሉ ጮኸ እንጂ አልቆመም። ጨበጥኩ፣ ጨበጥኩ፤ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በግራ መኪና፣ በቀኝ የሚሠራ ሕንፃ፣ ከሕንፃው ፊት የአሸዋ ክምር። አሸዋውን መረጥኩ። ጎማው ሰመጠ፣ እኔ በቀንዶቹ ላይ አልፌ በደረቴ ተዘረርኩ።

የሕንፃው ፎርማን ቀለም የሚገዛኝ ሰው ነው። ላዬ ላይ ቆሞ፣ «ጋሽ ታምራት? ቀለሙን ለማየት ነው የመጡት? ገና ልስን ላይ ነን እኮ» አለኝ። ሠራተኞቹ ተንፈቅፍቀው ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን እንደ ሳል ነው የወጣው።

ሳይክሉ ጭረት የለውም። እኔ ክርኔ ተልጧል። ቤት እስክገባ እየገፋሁት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አባቴን ነው ያሰብኩት፤ ፊቱን ሳይሆን፣ ፍሬኑን የሚጨብጡትን እጆች። ጨብጦ፣ ጨብጦ።

ሱሪዬ ላይ ያለውን አሸዋ እናቴ አየች። «ሕንፃ ላይ ነበርኩ» አልኳት። ይህም ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ እውነት ግን ሰው ሱቄ ቢያመጣልኝ አልቀበልም።

በአባቴ ምዬአለሁ። ፍሬኑ እምቢ ብሏል።

ረቡዕ

መጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳለ ይታወቅ። ከዚያ ስለ መሐላው እናስባለን።

ጀሞ ሞተር ሳይክል የሚያድስ በቀለ የሚባል መካኒክ አለ። ኢንጂነሩንም ጠራሁት። ሁለቱ ባለሙያዎች ሳይክሉን በሁለት በኩል ይዘው ቆሙ።

«ሸራው ፎርጅድ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ዱባይ ላይ ተታለዋል ጋሼ።»

«ፎርጅድስ አይደለም» አለ በቀለ። «ቅባት ነክቶታል። ማነው ይሄን የገጠመው? በግራሶ አጥቦታል።»

«እኔ ዲስክ አልቀባም! ምን ዓይነት ሰው ዲስክ ይቀባል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ‹ሲስተም› የሚያውቅ ሰው ይሆናል።»

ተሰዳደቡ። ምሳቸውን ግን አንድ ላይ በሉ፤ ከፋዩ እኔ ስለሆንኩ። ኢንጂነሩ ግራሶውን ካደ፣ ግን እጁን ሲያይ ነበር። ንጹሕ ሰው እጁን አያይም። ስለዚህ ጥፋተኛው እሱ ነው ብዬ ዘጋሁት።

በቀለ ሸራዎቹን አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት አሻቸው፤ ክብ ብረቶቹን በአልኮል ጠረገ። መልሶ ገጠመ። ጋራዡ ፊት ሞከርኩት፤ በአንድ ጣት ቆመ። ለበቀለ ያለኝ ንቀት በግማሽ ቀንሷል። ሌላው ግማሽ የቀረው፣ በአልኮል የጠረገበት ጨርቅ ካልሲ ስለነበረ ነው።

የእናቴ በረንዳ ላይ አቆምኩት። «አቆመ?» «አቆመ።»

ሐሙስ

ጠዋት ከግቢው በር ገና ሳልርቅ ፍየሏ መታረድ ጀመረች።

በእግሬ መሬት ረግጬ አቆምኩት፤ እንደ ሕፃን። ጋሽ ሞላ አጥር ላይ ነበሩ። «ገልብጠው ነው የላኩልህ ብዬህ ነበር» አሉ።

መልሼ አስገባሁትና አሰብኩ። ትናንት ከጋራዥ ሲወጣ ደህና ነበር። ከጋራዥ ወዲህ ኢንጂነሩም በቀለም አልነኩትም። ሌሊቱን ያደረው ቤት ነው።

ክብ ብረቷን በጣቴ ነካኋት። ያለዳል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል አሸሁት። ዕድሜዬን በቀለም ንግድ ነው ያሳለፍኩት፤ የቅባትን ዘር በጣቴ እለያለሁ። ግራሶ ይከብዳል፣ ይጠቁራል። የሞተር ዘይት ቀጭን ነው፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ይህ ንጹሕ ነው። ወደ አፍንጫዬ አመጣሁት።

የማውቀው ሽታ ነው። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ፣ ለፈተና ስሄድ፣ ሱቁን የከፈትኩ ቀን ግንባሬ ላይ የነበረ ሽታ። ከሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣ ቅባ ቅዱስ።

«በዘይት ነው የሚሠራው» ብያታለሁ። የሚያቆመኝ የቱ እንደሆነም በጣቴ አሳይቻታለሁ።

ሱቅ ሄጄ ዋልኩ። አንዱ ደንበኛ ክሬም ቀለም ሲጠይቀኝ ግራጫ ሰጠሁት።

ዓርብ

እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። ያላየሁትን ዕቃ ተረክቤ አላውቅም።

ጎህ ሲቀድ በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋት። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ በባዶ እግሯ፣ ሳይክሉ ፊት ተንበርክካለች። ያን ወገቧን ይዛ። ጠርሙሱን ጣቷ ላይ ዘንበል አድርጋ መጀመሪያ የፊቱን ክብ ብረት ዙሪያውን ቀባች፣ ተሳለመችው፣ ከዚያ የኋላውን። አንዲትም ቦታ አልዘለለችም። ከሠራተኞቼ አንዱ እንኳ በር ሲቀባ እንዲህ ጥንቁቅ ሆኖ አያውቅም።

ድምፅዋ ይሰማል። «የአባቱን አታድርጊበት፣ እመቤቴ። የአባቱን አታድርጊበት።»

ከመስኮቱ ዞር አልኩ።

ሄለንን አማከርኳት። «ዝም በል» አለች። «ሳይክሉን መኝታ ቤት አስገባው፤ ሌባ በዛ በላቸው። አልቋል።» ጥሩ ምክር ነው። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ እናቴ ጠርሙሱን ይዛ መኝታ ቤት ትመጣለች። ሁለተኛ፣ በአባቴ ምዬአለሁ፤ ፍሬኑም እምቢ ብሏል፤ ምክንያቱን ደግሞ ከእኔና ከሄለን በቀር ማንም አያውቅም። ብነግራት፣ የባሏን ዕጣ ከልጇ ላይ ልታርቅ ስትል በእጇ ልታመጣበት እንደነበር ነው የምነግራት። ባልነግራት፣ ቃሌን በልቼ ነው የምነዳው። ብሸጠው፣ ሁሉም ሰላም ነው፤ እኔ ብቻ ሱቅ ውስጥ ጉልበቴን ይዤ እቀመጣለሁ።

ከሰዓት ኢንጂነሩ ደወለ። ድምፁ ማር ነው። «ጋሼ፣ ያ ሳይክል ካስቸገረዎ እኔ ልገላግልዎ። ለእሁዱ ውድድርም እኔ ልነዳው እችላለሁ።»

አሁን ገባኝ። ያለፈው ሞዴል፣ ለአስፋልት የማይሆን ጎማ፣ ፎርጅድ ሸራ፣ «እንግዲህ እናየዋለን»። ገንዳው ዳር ፊቱ ላይ ያለፈው ነገር። መርካቶ ውስጥ ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያ ያጣጥላል። እንዴት አላወቅሁበትም? ረቡዕ ዕለት እጁን ሲያይ የነበረው ጥፋት አስጨንቆት አይደለም፤ ሳይክሌን በእጁ ላይ እየመዘነ ነበር።

እስከ ነገ ልወስን አልኩት። ለእንዲህ ያለ ሰው አይሆንም አይባልም፤ ይንጠልጠል።

ቅዳሜ

ነገርኳት።

ከምሳ በኋላ ክፍሏ ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጥጥ እየፈለቀቀች ነበር።

«እማዬ፣ ፍሬኑ እምቢ ብሎኛል።»

እጇ ቆመ። «መቼ?»

«ማክሰኞ፣ ጀሞ ቁልቁለት። ሐሙስም ደገመ።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ? በማን እንደማልክልኝ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። ዕቃ ሲሸጥ ግን ምኑ እንደተበላሸ ይነገራል። ምኑ እንደተበላሸ ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«የሚያቆመው ብረት ላይ ዘይት አለ።»

«በዘይት ነው የሚሠራው ብለኸኛል» አለች ቶሎ።

«ዘይቱ ውስጥ ነው፣ እማዬ። ቱቦው ውስጥ። ውጭው ደረቅ ካልሆነ አይቆነጥጥም። ቅባት የነካው እጅ የጠርሙስ ክዳን ይከፍታል?»

ብዙ አልፈጀባትም። እጇን አየች፤ የሌባ ጣቷን።

«እኔ ነኝ?»

ማለሳለስ እችል ነበር። ከእኔና ከሄለን በቀር ማንም ስለማያውቅ ምንም ብላት ታምነኛለች። ለዚህ ነው ያላለሳለስኩት።

«አንቺ ነሽ።»

ጥጡ ከጭኗ ላይ ተንከባለለ። አላነሳችውም። «ገድዬህ ነበር በለኛ» አለች።

«አሸዋ ላይ ነው የወደቅሁት። ያውም የደንበኛዬ አሸዋ።»

አልሳቀችም። «አባትህ ያን ጠዋት ‹ፍሬኑ ላላብኝ› ብሎኝ ነው የወጣው» አለች። ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጥጡን አንስቼ ጭኗ ላይ መለስኩት።

«እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አልኩ። «ይሸጥ። ገዢም አለ።»

«ማነው ገዢው?»

«ያ ኢንጂነር።»

«ያ ቀጭኑ? ‹በዚህ ዕድሜ› ያለኝ?»

«እሱ።»

«ለእሱማ አይሸጥም።» ነጠላዋን ጎተት አደረገች። አሁን ሌላ ሴትዮ ነች፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ሳሪስ ገበያ ላይ በርበሬ ስትሸጥ የነበረችው፣ ሚዛን ላይ ጣቱን ያሳረፈን ሰው በዓይኗ የምታስነሳው። «ስማኝ። እኔ ያልኩህ ፍሬኑ እምቢ ካለህ ነው። እምቢ ያለህ ፍሬኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ አትሸጠኝም።»

ንግድ ከማን ተማርክ የሚሉኝ ሰዎች አሉ።

«ታዲያ ቅባው?» አለች። ይህን ስትጠይቅ ድምፅዋ ትንሽ ነበር።

«እኔ ላይ አድርጊው። ብረቱ አልተጠመቀም።»

ጠርሙሱን ከትራሷ ሥር አወጣች። ግንባሬን ቀባች። ሱሪዬን እንድሰበስብ አዘዘችኝና ሁለቱንም ጉልበቶቼን ቀባች፣ ቀስ ብላ፣ ዙሪያውን፣ እንደ ዲስኩ። «ያመመህ ለካ ጉልበትህ ነው» አለች። «እኔ ብረት ሳክም ከረምኩ።»

ከሰዓት ሸራዎቹን ራሴ አወጣሁ። በብርጭቆ ወረቀት አሸኋቸው፣ ብረቶቹን በአልኮል ጠረግኩ፣ በንጹሕ ጨርቅ፣ ካልሲ ባልሆነ። ብሎኖቹን በሚለካው ቁልፍ አጠበቅኩ። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታይ ዋለች። አልነካችም። አንዴ ብቻ እጇን ዘርግታ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ለኢንጂነሩ አልደወልኩም። ይንጠልጠል።

እሁድ

ተመልሻለሁ። እግሬ የእኔ አይደለም።

ሐይቁ ቀዝቃዛ ነው፤ ከእኔ ጋር የገባው ሰው ሁሉ እንደ ጠገበ ጥጃ ሲራገጥ እኔ ዳር ዳሩን ያዝኩ። ሳይክሉ ላይ ስወጣ ግን ሌላ ነበር። መታጠፊያው ቁልቁለት ላይ ፊቴ ያለው ልጅ ወደቀ። ጨበጥኩ። በአንድ ጣት ቆመ። ጩኸት የለም፣ ምንም የለም። ልጁ ሲነሳ አይቼ አልፌው ሄድኩ።

ኢንጂነሩ ከእኔ በፊት ገባ። ይግባ። መጨረሻ ላይ «ሳይክሉስ ጋሼ?» አለኝ፤ «ያለፈው ሞዴል እኮ ነው፣ ለአንተ አይሆንም» አልኩት። እስካሁን አንቱ ነበር የምለው፤ «አንተ» ስለው ደነገጠ። የውድድሩን ያህል ደስ አለኝ።

ቤት ስደርስ ጋሽ ሞላ «መሪውን አስገለበጥከው?» አሉ። «አስገለበጥኩ» አልኳቸው። «ይኸው፤ አሁን አማረበት» አሉ።

እናቴ በር ላይ ነበረች። ዛሬ ጎማውን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ፣ ከእግር እስከ ራስ። አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን «አቆመ» አልኳት። ሳይክሉን ከእጄ ተቀብላ እየገፋች ወደ በረንዳዋ ወሰደችው።

ሄልሜቱን ሳወልቅ የውስጡ ስፖንጅ ይሸታል። ያው ሽታ ነው። መቼ እንደደረሰችበት አላውቅም። ሄልሜት ምንም አያቆምም፤ ይቀባ።

ነገ ስወጣ ግን ዲስኩን መጀመሪያ በጣቴ እነካለሁ። እናቴን አምናታለሁ። ቢሆንም።